ሐውልቱን የበላን ቀን

እኔ ሐውልት ሠርቼ አላውቅም። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የሥዕል መምህርት ነበርኩ። በደርግ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ የሥዕል መምህርት ማለት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማሰሮ፣ ሙዝና ዶሮ የምትስል፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ በቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር የምትጽፍ ሴት ናት። ዶሮዬ ዶሮ ይመስላል። መፈክሬም ጨርቁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቦታ አጥሮት አይጨማደድም። የሌሎቹ ይጨማደድ ነበር፤ «ትቅደም» የሚለው መጨረሻ ላይ ጉንዳን አክሎ ቁጭ ይላል። እንግዲህ በዚህ ችሎታዬ ነው ሐውልት ንደፊ የተባልኩት።

ነገሩ ከወንዙ ይጀምራል። ከጨለለቂ ሰፈር ቁልቁል ወርዶ በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ወንዝ ዳር፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ከተማው ሥራ የሚለው ነገር ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነበር። ከላይ የአባቴ የውሃ ወፍጮ፤ ከሱ ዝቅ ብለው ቡና አጣቢዎች፤ ከነሱ ዝቅ ብለው እንጨት ሰንጣቂዎች፤ ከሁሉም በታች፣ ሽታቸው ለማንም እንዳይደርስ፣ ቆዳ ፋቂዎች። ይህን ተራ ማንም አልጻፈውም። ግን አንድ ቆዳ ፋቂ ተሳስቶ ከቡና አጣቢዎቹ በላይ ቆዳ ቢነክር፣ ያን ቀን ስድቡን በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በጉራጊኛም ይጠግባል።

አባቴ ወፍጮውን የሠራው በገዛ እጁ ነው። ቦዩን ቆፈረ፣ መሽከርከሪያውን ከዋንዛ ጠረበ፣ የላይኛውን ድንጋይ ደግሞ በጉቴ በኩል ካለ ገደል ፈልፍሎ በበሬ እያስጎተተ በሦስት ቀን አመጣው። ስለዚያ ሦስት ቀን የሚያወራው እኔ ስለተወለድኩበት ቀን ከሚያወራው ይበልጥ ነበር። አልቀናም አልልም፤ ቀንቻለሁ። የድንጋዩ ጥርስ ሲደነዝዝ ይገለብጠውና በመውቀሪያ እየቀጠቀጠ ጎድጓዱን ያድሰዋል። ከወቀረ በኋላ የሚፈጨውን የመጀመሪያ ሁለት ቁና እህል ግን ማንም እንዲበላው አይፈቅድም፤ ጠጠር አለበታ! ወስዶ ወንዙ ውስጥ ይደፋዋል። «አፉን ይታጠብ» ይላል። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ በተለይ እህል በሚያጥርበት በክረምት፣ «አንተ ሰው፣ እህል እኮ ነው!» ብላ ትጮህበት ነበር። «ጥርስሽን አትወጂም?» ይላትና ይደፋዋል።

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ወፍጮው ሌላ ጥቅም አገኘ። አባቴ መዝሙር ይወዳል፤ መዝሙር ያኔ ያስጠይቃል። ድንጋዩ ሲዞር ጆሮ ይደፍናል፤ አባቴ እዚያ ጩኸት ውስጥ አፉን ከፍቶ ይዘምራል። አጠገቡ ቆሜ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አንዲት ቃል አልሰማም። ሳቄ ይመጣብኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን በዚያ ዘመን በከተማው ውስጥ የልቡን የሚናገር ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አብዮቱ መጣና ወንዙን አየው። ቡና አጣቢዎቹ ተደራጁ ተባሉ፤ በሞተር የሚሠራ የቡና መፈልፈያ መንገድ ዳር ተተከለና እነሱ ያለ ሥራ ቀሩ። እንጨት ሰንጣቂዎቹ ደን ጨፍጫፊ ተባሉ። ቆዳ ፋቂዎቹ ለምን እንደተባረሩ ማንም አላስታወሰም፤ ሌላው ሲባረር አብረው ተባረሩ። ቀበሌው የሞተር ወፍጮ አስመጣ፤ በኪነት ቡድን ታጅቦ፣ ቅጠል ተነስንሶለት፣ እንደ ሙሽራ ገባ። ወንዝ ዳር የቀረው የአባቴ ወፍጮ ብቻ ነበር፤ የሞተሩ ወፍጮ ናፍጣ ባጣ ቁጥር ቀበሌው ራሱ ሰው እየላከ እሱ ጋ ያስፈጭ ነበርና ዝም አሉት። ሠራተኞቹን ከወንዙ ዳር አባረው ሲጨርሱ ታዲያ ምን ወሰኑ? ለወንዝ ዳር ላብ አደሮች መታሰቢያ ሐውልት ይቁም!

የሐውልቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ከሌላ አገር የተመደበ ካድሬ ነበር። ወጣት ነው፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ። ሦስቱም ቀለም እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ሲፈርም የኔን ይዋሳል። «ከዚህ አንጻር» ሳይል ውሃ እንኳን አይጠይቅም።

መጀመሪያ የነደፍኩለት አባቴን ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አቅርቦም አርቆም አየው።

«ለምን ጎነበሰ?»

«ጆንያ ስለተሸከመ።»

«ላብ አደር አይጎነብስም።»

ቀና አደረግኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ለምን አረጀ አለኝ፤ ወጣት አደረግኩት። ለምን ባዶ እግሩን ሆነ አለኝ፤ ቦት ጫማ አጠለቅኩለት። ጡጫው የታለ አለኝ፤ አንድ እጁን ከጆንያው አላቅቄ ወደ ሰማይ ጨበጥኩለት። ሲያልቅ ትራስ በብብቱ ይዞ ሊማታ የወጣ ቦክሰኛ መሰለ። ሊቀመንበሩ «አሁን የኛን ሕዝብ መሰለ» ብሎ በኔ እስክሪብቶ ፈረመበት።

የሚገነባው የወሎ ሰው ግንበኛ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ሽንት ቤትና የመቃብር ድንጋይ እንጂ ሰው ገንብቶ አያውቅም። ፊቱን ከማን እንደሚገለብጥ ጨነቀው። ጠዋትም ማታም ከአጠገቡ ቆሞ የሚጨቀጭቀው አንድ ፊት ነበርና እሱኑ ገለበጠ። ሲሚንቶው ሲደርቅ ሐውልቱ የሊቀመንበሩ ጢም በቀለበት። እኔና ግንበኛው ተያየን። ሊቀመንበሩም አየው፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ጢሙን በጥንቃቄ ማስተካከል ጀመረ።

ታዲያ አንድ ነገር ቀረ። በአብዮቱ በዓል ሐውልቱን የሚመርቀው እንግዳ ከአዲስ አበባ በድልድዩ ላይ ነው የሚመጣው፤ ከድልድዩ ሆኖ ሲያይ ደግሞ ሐውልቱን የአባቴ ወፍጮ ይጋርደዋል።

«ከዚህ አንጻር ወፍጮው ይፈርሳል» አለ ሊቀመንበሩ።

አባቴን ከዚያ ወፍጮ ማውጣት ማለት አባቴን መቅበር ነው። ቶሎ ብዬ የሱን ቋንቋ ተዋስኩ። «ጓድ፣ ድንጋዩ እኮ የጭቆናው ሕያው ምስክር ነው። ወፍጮውን ብናፈርስ ምስክሩን አጠፋን ማለት አይደለም?» አልኩት። እንዴት ኮራሁ መሰላችሁ! ንግግሬ በጆሮዬ ጣፈጠኝ።

ሊቀመንበሩ አሰበ፣ ፊቱ በራ። «ልክ ነሽ ጓድ መምህርት! ድንጋዩ ይውጣና ከሐውልቱ እግር ሥር፣ መሠረቱ ፊት ላይ ይገጠም። ቤቱ ለጊዜው ይቆይ፤ ባንዲራ እናለብሰዋለን» አለና አስጨበጨበልኝ።

አያችሁ? ቆርቆሮውንና ጭቃውን አዳንኩና ድንጋዩን አስረከብኩ። የላይኛው ድንጋይ የሌለው ወፍጮ ደግሞ ምኑ ነው ወፍጮ፣ የዝናብ መጠለያ ነው እንጂ።

ለአባቴ ስነግረው መሬት መሬት እያየሁ ነበር። እኔና እሱ የምናወራው በኦሮምኛ ነው።

«ማን ነው ይኼን ያሰበው?» አለኝ።

«ኮሚቴው ነው አባኮ።»

ዋሸሁት። በማግስቱ ስድስት ሰው በዲጅኖ ድንጋዩን ሲያወጣ ሊቀመንበሩ መጣና የአባቴን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው። «ይኩሩባት አባባ! ሐሳቡ የልጅዎ ነው!» አለው። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያን አስተያየቱን እስካሁን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ግንበኛው ድንጋዩን ጥርሱን ወደ ውጭ አድርጎ ገጠመው፤ ሊቀመንበሩ ጎድጓዱ ያምራል ስላለ። ጎድጓዱ ውስጥ የገባው ሲሚንቶም ሳይጠረግ ደረቀ። አባቴ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ አይቶት ይውላል። የሚያልፉት ሁሉ «አካም ጅርቱ ኦቦ?» እያሉ ደኅንነቱን ይጠይቁታል፤ «ነጋ፣ ሰላም ነው» ይላል። ምኑ ነው ሰላሙ? የማንም ሰው ደኅና ነኝ ውሸት መሆኑን ያኔ ተማርኩ።

እንግዲህ በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው የሞተር ወፍጮው ቺንጋ ተበጠሰ። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘው ጎማ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይፈጭም። መለዋወጫው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባም የለም ተባለ። የሌሎቹ ቀበሌዎች ወፍጮዎች ናፍጣ የላቸውም፤ ጉቴ ተልኮ የነበረውም እህል እንደሄደ ተመለሰ። ለእንግዳው፣ ለእንግዳው አጃቢዎች፣ ለየቀበሌው ተወካዮችና ለኪነት ቡድኑ የሚበቃ ጤፍና በቆሎ በየጆንያው ቆሟል። ሊቀመንበሩ የሴቶች ማኅበሩን ሰብስቦ በእጅ ፈጭታችሁ አድርሱ አላቸው። አንዲት አሮጊት ተነስታ «ጓድ፣ የእጅ ወፍጮ የኋላቀርነት ምልክት ነው ብላችሁ ባለፈው ዓመት ሰበሰባችሁት እኮ» አለችው። እውነቷን ነው፤ እኔ ነበርኩ ለዚያ ዘመቻ መፈክሩን የጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ሊቀመንበሩ ወደ ሐውልቱ ሲያይ አየሁት። እኔም አየሁ። ሁላችንም ሐውልቱን አየን።

ጠዋት ግንበኛው መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። «ወላሂ እታለም» አለኝ፣ «የሠራሁትን ሳይመረቅ ስሰብር ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።» ድንጋዩን ፈልፍሎ ሲያወጣው የሐውልቱ መሠረት በርሜል የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። በቀዳዳው ላይ አባቴ አንዴ እንኳን አላፌዘም። ድንጋዩን ሲያይ ግን ፊቱ እንደ ሕፃን ፈታ አለ። ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ፣ በጣቱ ጎድጓዱን አንድ በአንድ ነካ፤ ሲሚንቶ ሞልቶታል። መውቀሪያውን አንስቶ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ዋለ።

ድንጋዩ ተገጠመ፣ ቦዩ ተከፈተ፣ ውሃው መጣ። ያን ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም። አባቴ የመጀመሪያውን ቁና ፈጨና ዱቄቱን አንስቶ በመዳፉ አየው። ግራጫ ነው። ወደ ወንዙ ሊደፋ ሲሄድ ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ልደፋው ነው። አፉን ገና አልታጠበም።»

«የሰፊውን ሕዝብ እህል? ወንዝ ውስጥ?»

አባቴ በተሰባበረ አማርኛው አስረዳው። «ጓድ፣ ይኼ ሲሚንቶ አለው። ሌላ ጊዜ ሁለት ቁና ነው የሚደፋ። አሁን ግማሽ ኩንታል ማለፍ አለበት። ይኼ ዱቄት አይበላም።»

«ይበላል!»

«ጥርስ ይሰብራል፣ ጓድ።»

«ከዚህ አንጻር» አለ ሊቀመንበሩ፣ «አንዲት ፍሬ የሚደፋ ሰው የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጻሚ ነው።» ጠብመንጃ የያዘ የቀበሌ ጥበቃ በራፉ ላይ አቆመ። በዚያን ጊዜ አሻጥር ተብሎ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የአባቴን ክንድ ይዤ «ተወው አባኮ፣ በዋቀዮ ተወው» አልኩት። ተወው። ዱቄቱ ሁሉ ወደ ጆንያው ገባ።

የኔ ፈተና ደግሞ ቀዳዳው ነበር። ባዶ ሆዱን ያሳየ ሐውልት እንግዳ ፊት ይቆማል? ከሰፈራችን ጉራጌ ባለሱቅ የሳሙና ካርቶን ለመንኩ። «ምን ልታደርጊበት ነው እህቴ?» አለኝ። «ድንጋይ ልሠራበት» አልኩት። አንድ ጊዜ አየኝና ሁለት ካርቶን ሰጠኝ። ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፣ ግራጫ ቀባሁ፣ ጎድጓዱን በጥቁር ሳልኩ። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ከእውነተኛው ይልቅ ድንጋይ ይመስል ነበር። ችግሩ የዘመኑ ቀለም ነው፤ ዝናብ ባለበት ቶሎ አይደርቅም።

የበዓሉ ቀን እንግዳው መጣ። ወፈር ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ የደከመው ሰው ነበር፤ ስንት ሐውልት መርቆ እንደመጣ እግዜር ይወቅ። መጋረጃው ወረደ፣ ተጨበጨበ። የሐውልቱን ፊት አየና ሊቀመንበሩን አየ፣ መልሶ ፊቱን አየ። ንግግሩን ጀመረ፤ የሠራተኛው ክንድ፣ የታሪክ ጎማ፣ ምናምን። «እንደዚህ ድንጋይ የጠነከረው ሕዝባችን…» ሲል እጁን ዘርግቶ ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ካርቶኑ እሺ ብሎ ገባ አለ። እንግዳው ንግግሩን አላቋረጠም። እጁን አነሳ፣ መዳፉን አየ፤ ግራጫ ሆኗል። ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ካርቶኔ ላይ አምስት ጣት ከነመዳፉ ታትሟል።

ከዚያ ግብዣው ሆነ፣ በትልቁ አዳራሽ። እንጀራውም ቂጣውም ቀረበ፣ ወጡ ፈሰሰ፣ ኪነት ቡድኑ ከበሮውን መታ። ሁሉም ጎረሰ።

ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። በመቶ አፍ ውስጥ ጠጠር ሲቆረጠም! ሰው በጠጠር መንገድ ላይ በጫማ የሚሄድ ይመስላል። አንድም ሰው ግን አልተፋም። እንግዳው ሳይተፋ ማን ይተፋል? እንግዳውም ሕዝቡ ሳይተፋ እንዴት ይትፋ? ሁሉም ፊቱን ኮስተር አድርጎ ያኝካል። ሊቀመንበሩ ከሁሉ የበለጠ ያኝክ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ «የአገር ምርት ነው፣ ይብሉ ጓድ» ይላል። ባለሱቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ሐውልቱን ነው እንዴ የምንበላው?» አለኝ። ሳቄ ሊያፍነኝ ሆነ። ባልስቅ ኖሮ አለቅስ ነበር፤ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጎራሹን ሁሉ ሲያይ እያየሁ ነበርና።

በመጨረሻ እንግዳው መሐረቡን ወደ አፉ አስጠግቶ የሆነ ነገር አስቀመጠበት። ከግራጫ ጠጠር ጋር አንድ ነጭ ነገር። ጥርስ ነው። መሐረቡን አጥፎ ቅድም ግራጫ እጁን ወደደበቀበት ኪስ ከተተና «ዱቄቱ ከየት ነው?» አለ።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ በር ላይ ያለውን አባቴን በጣቱ አሳየ። «ፊውዳሎች የተዉት ወፍጮ ነው፣ ጓድ። አሻጥር ሳይሆን አይቀርም።»

አባቴን እዚያው ወሰዱት። እየሄደ ዞር ብሎ «ቦዩን ዝጊው፣ ውሃው ድንጋዩን በባዶ እንዳያዞረው» አለኝ። እሱ ወደ ቀበሌ እስር ቤት እየተወሰደ፣ ድንጋዩ በባዶ ዞሮ ጥርሱ እንዳይበላ! እንደዚያ ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም፤ ወድጄም አላውቅም።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ። ሰላምታ አልሰጠሁም። አፌ የናቴ ልጅ ነው።

«አባቴ ፍርድ ቤት ይቅረብ» አልኩት። «እኔም ምስክር እሆናለሁ። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁኛል። ከሐውልቱ ነው እላለሁ። ሐውልቱ ሳይመረቅ ለምን ተሰበረ ይሉኛል። እንግዳው እጁን ያሳረፈው በምን ላይ ነው ይሉኛል። የሳሙና ካርቶን ነው እላለሁ። ካርቶኑን ደብቄዋለሁ፤ አምስቱም ጣት አለበት።»

ሊቀመንበሩ ደረት ኪሱን ነካ፤ እስክሪብቶ የሚፈልግ ይመስል። «ዛቻ ነው?» አለኝ።

«ከዚህ አንጻር፣ አዎ» አልኩት።

ደግነቱ ሪፖርቱን ልኮ ጨርሷል፤ በዓሉ በደመቀ ሁኔታ ተከብሯል ብሏል። በደመቀ ሁኔታ በተከበረ በዓል ላይ አሻጥር እንዴት ይኖራል? አባቴን ለቀቀው። ግን በባዶ አልለቀቀውም። ድንጋዩ ወደ ሐውልቱ ይመለሳል፣ የሚመልሰውም አባቴ ራሱ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይፈርሳል። አባቴን አገኘሁ፣ ወፍጮውን አጣን።

ወፍጮ ቤቱ ሲፈርስ አባቴ አላየም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋዩን ሲወቅር ነበር። እንደሚፈጭ ሰው፣ ጎድጓዱን አንድ በአንድ። «የሚቀበር ድንጋይ ምን ይወቀራል? አትልፋ አባኮ» ብለው እንዳልሰማ ሆነ። ከዚያ ገበያ ሄጄ ሰም እንድገዛለት ላከኝ። ማር ሻጮቹ የሚሸጡትን ንጹሕ ሰም፣ ሁለት እጅ ሙሉ።

«ለምንህ ነው?»

«መዳፌ ተሰነጣጠቀ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

ገዛሁለት። ድንጋዩ ሲገጠም እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ አባቴና ግንበኛው ብቻ ነበሩ። ማታ ሳየው ጥርሱ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ሜዳው ጀርባው ብቻ ወደ ውጭ ይታያል። ሊቀመንበሩም ደስ አለው፤ መፈክር የሚጻፍበት ቦታ ተገኘ። ማን ጻፈው? እኔ ነኛ!

ከዚያ በኋላ አባቴ አልፈጨም፣ አልዘመረም። ቤት ተቀምጦ አንጮቴ ይተክላል፣ ዶሮ ያባርራል። እኔ ደግሞ ተናደድኩበት። ድንጋዩን በገዛ እጁ ቀብሮ፣ ያውም ለቀባሪዎቹ እንዲያምር ወቅሮ ሰጥቶ፣ አንዲት የቁጣ ቃል እንኳን ሳይወጣው ዝም ማለቱ አንገበገበኝ። እሱ ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ሳላውቅ ሞተ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ወጣቶች በገመድ መጡና ሐውልቱን ጎተቱት። ጢሙ መጀመሪያ ወደቀ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ የቆምኩት ከመሠረቱ አጠገብ ነበር። ግንበኛው መጣ፤ አርጅቶ፣ ያንኑ መሮ ይዞ።

«ቀስ በለው እባክህ፣ እንዳይሰበር» አልኩት።

«መሮ አይፈልግም እታለም» አለኝና በሁለት እጁ ገፋ፣ ነቀነቀ። ድንጋዩ ከሲሚንቶው ተላቆ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ሲሚንቶው አንዲት ቦታ አልነከሰውም። ጥርሱ ሙሉ፣ ጠርዙ ሁሉ፣ ሰም ተቀብቶ ነበር፤ ሰሙ ላይ ደግሞ ገለባ ተነስንሶበታል። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ጎድጓዱ አባቴ የቀጠቀጠው ቀን እንደነበረ ስለታም ነው።

«ለማንም አትንገር አለኝ» አለ ግንበኛው። «የሚያወጣው ሰው መሮ እንዳያስፈልገው ነው አለ። ደግሞ ‹ልጄ ሐሳብ አታጣም፣ አንድ ቀን ታወጣዋለች› አለኝ።»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እየየ አልኩ። «ይኼ ግትር ሽማግሌ! ይኼ ግትር!» እያልኩ። የሚጨፍሩት ለሐውልቱ የማለቅስ መስሏቸው ክፉኛ አዩኝ።

ሳምንት አልሞላም፣ አንድ ወጣት ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቤቴ መጣ። ትሁት ነው፤ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ አለ። አዲስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ በዚያው ቦታ አዲስ መታሰቢያ ሊቆም ነው፤ «እትዬ፣ ድንጋዩን ቢያበረክቱልን» አለኝ።

«አይሆንም ልጄ» አልኩት። «ሥራ አለው።»

በጋሪ ጭኜ ወደ ጉቴ ወሰድኩት። የናፍጣ እጦት አላስቀምጥ ያለው አንድ ገበሬ ወንዝ ጠልፎ የውሃ ወፍጮ እያቆመ ነበር፤ የታችኛው ድንጋይ አለው፣ የላይኛው ጎድሎታል። ገጠምነው። ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዞረ። የመጀመሪያውን ሁለት ቁና ፈጨን፤ ዱቄቱን ተቀብዬ ቀጥታ ወደ ወንዙ ሄድኩና ደፋሁት።

«ኧረ እትዬ!» ብሎ ጮኸ ገበሬው። «እህል እኮ ነው!»

«ጥርስህን አትወድም?» አልኩት።